እንጀራ ሽታ

ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ፣
ዕድሜዬ ይሄዳል በር ላይ ተመርኩዞ።
የሰው ፊት አያለሁ፣ የሰው ኪስ አውቃለሁ፣
ማን ድፍን እንደያዘ በዓይን እለያለሁ፤
አንጓች የገባች ለት ግን
መስኮት እቆጥራለሁ።

አመሻሽ፣ አሥራ አንድ ላይ፣ ፈረቃዋ ሲያልቅ፣
የኋላ ወንበር ላይ ጥግ ይዛ ስትሸማቀቅ፣
ከፊቷ ያለው ሰው አንገቱን ያዞራል፣
አንድ እጅ ይዘረጋል፣
አንድ መስታወት ያቃስታል፣
ሌላው ይከተላል።
ብርዱ ሲገባ ሁሉም ኮቱን ይቆልፋል፤
ማንም ምንም አይልም፤ መስኮቱ ይናገራል።

አንድ ቀን አንድ ቀልደኛ «ረዳት» አለኝ ጮክ ብሎ፣
«ይቺን ሳሙና በር አድርስልን ቶሎ!»
ታክሲው በሳቅ ሞላ።
እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቄ
ዛሬም ይሸተኛል፤ አልወጣም ከጨርቄ።

ቆዳ ፋብሪካ ናት፣ ኖራ ክፍል። እዚያ
ቆዳው ከነጠጉሩ ጉድጓድ ገብቶ ያድራል፣
ጠጉሩ እስኪረግፍ ድረስ ጉድጓዱ ይተነፍሳል፣
የከረመ፣ የገማ የእንቁላል ትንፋሽ።
ሎሚ ትታሻለች፤ በበረኪና ትዘፈዝፋለች ሻሿን፤
በድንጋይ ትፈትጋለች ተረከዟን፣ ክንዷን፤
ይከተላታል እንጂ፣ እንደ ዕዳ፣ እንደ ስም።
ጭልጋን ትታ መጣች፣ ከተማ፣ እንጀራ ሽታ፤
እንጀራ አገኘች።
እንጀራዋም ሆነ ሽታ።

ይኼን ሁሉ የነገረችኝ ባንዴ አይደለም፤
ሂሳብ ስትሰጠኝ፣ ከሳንቲሙ ጋር፣ አንድ አንድ ቃል።

የሰፈሩ ማመልከቻ ሲበዛ፣ ሥራ አስኪያጁ
በርሜል ሙሉ ሽቶ አስመጣ። ጽጌረዳ ነው አሉ፣
በየግድግዳው ረጩ፣ በየጉድጓዱ ጣሉ።
ያን ማታ ታክሲዬ
ሙሽራና ሬሳ ባንድ የጫነ መሰለ፤
መስኮት አልበቃ አለና በር ይከፈት ተባለ።
የፋብሪካው ዘበኛ፣ ጡረተኛው አሥር አለቃ ደመላሽ፣
«የሸተተ ይቀበራል እንጂ» አሉ፣ «ሽቶ ይቀባል ወይ?»
ዘበኛን ማን ሰምቶ!

ኋላ አንድ መሐንዲስ መጣ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ።
መጀመሪያ ሁለቱን ውሃ አፋታ፤
የኖራው በዚህ፣ የአሲዱ በዚያ፣
«ከተገናኙ ይገድላሉ» ብሎ።
ጉድጓዱን ከደነ፤ ትንፋሹን በቧንቧ ስቦ
ከግቢው ጀርባ ቀበረው፤
ከላዩ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ገለባ፣ የበሰበሰ ፍግ።
ደመላሽ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ ይባላል።
«ሥራ ቀየሩኝ» አለችኝ፣ «አትክልተኛ ሆኛለሁ፣
ምንም የማይበቅልበት መደብ አጠጣለሁ።
ከደረቀ ይሸታል። እርጥብ ከሆነ
አፈሩ ይበላዋል።»

ሐምሌ ላይ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ።
አልቆጠርኩትም። ዝናብ ነበር።
ዝናብ ምስክር አይሆንም።

መስከረም። ፀሐይ። አንጓች ገባች፣ ጥጓን ያዘች።
አንድ ሰው ወደ መስታወቱ እጁን ሰደደ፤
ልቤ ቀጥ አለች፤
የበላውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ወረወረና
መልሶ ዘጋው።
ከጎኗ አንዲት ተማሪ ደብተሯን እንዳቀፈች
አንቀላፋች፤
አንጓች ትከሻ ላይ ራሷን ጣለች።

«ማራኪ! ወራጅ አለ?» አልኩ።
«ማራኪ!» ደገምኩ፤ መውረጃዋ ነው፣ አውቃለሁ።
አንጓች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤
እንዳትነቃ።
አለፍን።

ፒያሳ ላይ ተማሪዋ ነቃች፤ አፍራ፣ ይቅርታ ብላ ወረደች።
አንጓች ባዶው ታክሲ ውስጥ፣ ብቻዋን፣
አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትከሻዋን አሸተተች፤
ቅባት ነው።
የሰው ጠጉር ቅባት።
የመልሱን መንገድ ሂሳብ ዘረጋችልኝ፤
እኔ መስኮት እየጠረግሁ ነበር፣
ያላየሁ መሰልኩ።